የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን፦ ረጅሙን የበረሃ ተረክ በአጭር አኒሜሽን ስለ መተረክ



ለዚህ ንግግር የጋበዘኝን የትምህርት ክፍል ከልብ እያመሰገንሁ በቀጥታ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። በ27 ጥራዝ የተሣለ የበረሃ ተረክ በ13 አጫጭር ክፍሎች ወደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲመለስ ምኑ ይተርፋል? ምኑስ ይጠፋል? ከዚህ የሚከተለው ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። የንግሥተ ሳባን ጉዞ በስምንት ደቂቃ አኒሜሽን ለመተረክ የሚነሣ ወጣት ከዚህ ምን ሊማር ይችላል?

ይህን ጥያቄ በየካ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ግርጌ ተቀምጦ ማንሣት እንግዳ ሊመስል ይችላል። እዚህ በረሃ የለም። በመስኮቱ የሚታየን ተራራ የባሕር ዛፍ ለብሶ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ብርዳም ደጋ ነው። ሆኖም የአኒሜሽን ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ሐሳብ እንዲያቀርቡ ሲጠየቁ ደጋግመው የሚያነሡት ታሪክ የማክዳ ጉዞ ነው። በዐይነ ሕሊናቸው የሚያዩት አርአያ ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲመለከቱት ያደጉት የጃፓን አኒሜ ነው። ስለዚህ የጃፓኑ በረሃና የእኛ በረሃ በአንድ ተማሪ ጠረጴዛ ላይ ከተገናኙ ቆይተዋል። የእኔ ድርሻ ግንኙነቱን በጥንቃቄ መመርመር ብቻ ነው።

የሚቀርቡት ሐሳቦች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ዘንዶው ይገደላል፣ ማክዳ ትነግሣለች፣ ነጋዴው ታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ያወራል፣ ግመል ይጫናል፣ በረሃ ይቋረጣል፣ ግብር ይገባል፣ ልጅ ይወለዳል፣ ልጁ አድጎ አባቱን ያያል፣ በመጨረሻም ታቦቱ አክሱም ይደርሳል። ስምንቱ ደቂቃ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ተፈጽሟል፤ ለተመልካቹ ግን አንዳች ነገር አልደረሰውም። ዛሬ ልናገርበት የፈለግሁት ይህ ችግር ነው።

ከጃፓኑ ምሳሌ ልጀምር። ዩሚ ታሙራ የተባለችው ደራሲና ሠዓሊ «ባሳራ» የተሰኘውን ማንጋ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1998 በተከታታይ አሳትማለች። ማንጋ በጃፓን በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ መጽሐፍ መሆኑን፣ አኒሜም ተንቀሳቃሽ ሥዕል መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። «ባሳራ» በ27 ጥራዞች ተሰብስቦ የወጣ ሰፊ ሥራ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ታላቅ ጥፋት ከደረሰ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በረሃ በሆነችና በጨካኝ ነገሥታት በተከፋፈለች ጃፓን ውስጥ ነው። በአንዲት መንደር መንታ ሲወለዱ ሕዝቡን ነጻ የሚያወጣ ልጅ እንደ ተገኘ ትንቢት ይነገራል። ሁሉም ልጁ ወንዱ፣ ታታራ ነው ብሎ ያምናል። ቀይ ንጉሥ የተባለው ገዥ ጦር ታታራን ሲገድል እኅቱ ሳራሳ ፀጉሯን ቆርጣ የወንድሟን ስም ትይዛለች፤ የሞተችው ሳራሳ ናት ብላ ሕዝቡን ታጽናናለች፤ ትመራዋለችም። በጉዞዋም ሹሪ ከሚባል ወጣት ጋር ትዋደዳለች። ሹሪ ራሱ ቀይ ንጉሥ መሆኑን እርሷ አታውቅም፤ ጠላቱ ታታራ እርሷ መሆኗንም እርሱ አያውቅም። አንባቢው ግን ሁለቱንም ያውቃል።

እንግዲህ የዚህ ሥራ ምሰሶ ይህ ነው፤ አንባቢው የያዘው፣ ተዋንያኑ ያልያዙት እውቀት። በየምዕራፉ በረሃውን ሲያቋርጡ፣ ከተማ ሲይዙ፣ ሰው ሲያጡ፣ አንባቢው የሚጠብቀው አንዲት ቅጽበት ናት። እነዚያ ሁለት ሰዎች በጦር ሜዳ ፊት ለፊት ቆመው የሚተዋወቁባት ቅጽበት። ደራሲዋ ያቺን ቅጽበት በብዙ ጥራዞች አራቀቻት። መራቋ ድካም አይደለም፤ ክብደቷ የሚመጣው ከመራቋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 ይህ ተረክ 13 ክፍል ያለው የቴሌቪዥን አኒሜ ሆኖ ቀረበ። እያንዳንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ነው። አዘጋጆቹ 27 ጥራዞችን በሙሉ እንከት ቢሉ ኖሮ በአንድ ክፍል ከሁለት ጥራዝ በላይ ማለፍ ነበረባቸው። ያንን አላደረጉም። የታሪኩን መጀመሪያ ወስደው በትዕግሥት ተረኩት፤ ክፍሎቹ ሲያልቁም ቆሙ። ታላቁ መተዋወቅ ገና ሩቅ ሳለ ፊልሙ ተፈጸመ። ስለዚህ አኒሜውን ብቻ ያየ ሰው በረሃውን ጀምሮ መሐል ላይ የቀረ መንገደኛ ነው። መጽሐፉን ላነበበ ማስታወሻ ይሆነዋል፤ ላላነበበ ግን መልስ የሌለው ጥያቄ ነው።

ከዚህ ሁለት መንገዶችን እናያለን። አንደኛው የተማሪዎቻችን መንገድ ነው፤ ሁሉንም በጥድፊያ መጥራት። ሁለተኛው የ«ባሳራ» አኒሜ መንገድ ነው፤ ከመጀመሪያው ተነሥቶ ጊዜው ባለቀበት መቆም። የመጀመሪያው ማውጫ ይሆናል፤ ሁለተኛው መቅድም ይሆናል። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን ለማሳየት ወደ ራሳችን ረጅም ተረክ እመለሳለሁ።

የንግሥተ ሳባ ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ አጭር ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 የሚገኘው ታሪክ 13 ቁጥሮች ብቻ አሉት። ንግሥቲቱ ጥያቄዋን ይዛ ትመጣለች፣ የሰሎሞንን ጥበብ ታያለች፣ ስጦታ ትሰጣለች፣ ትቀበላለች፣ ወደ አገሯ ትመለሳለች። ሌሊቱ የለም፤ ውኃው የለም፤ ልጁ የለም። ክብረ ነገሥት ግን፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንቡረ እድ ይስሐቅና በባልደረቦቹ እጅ የግእዝ መልኩን የያዘው መጽሐፍ፣ 117 ምዕራፎች አሉት። እነሆ አባቶቻችን ከአኒሜ አዘጋጆቹ በተቃራኒ አጭሩን አስረዘሙት። በ13 ቁጥሮች መካከል ያለውን ዝምታ አዳምጠው በዚያ ዝምታ ውስጥ መንገድ፣ ግብር፣ መሐላና ጥም አገኙ።

ከመጽሐፉ ቀጥሎ ሥዕሉ መጣ። ባለፈው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ ሠዓሊዎች እጅ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በሸራና በብራና ላይ በሰንጠረዥ ተከፋፍሎ ሲሣል ኖሯል። በተለምዶ የሚታወቀው 44 ክፍል ያለው ነው፤ ከዚያ ያነሱም አሉ። ንባቡ እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ወይም ራስጌ አጭር ጽሑፍ አለ። በሥዕሎቹ ውስጥ የሚተረከው ታሪክ ከመጽሐፉ ብቻ የተወሰደ አይደለም፤ ሕዝቡ በቃል ይዞት የቆየው ዘንዶውን የመግደል ታሪክም ይገባበታል። ማንጋ የሚለውን ስም ሳንሰማ፣ በተከታታይ ሥዕሎች ረጅም ተረክ የመተረክ ጥበብ በእጃችን ነበረ ማለት ነው። በዚሁ በየካና በእንጦጦ አብያተ ክርስቲያናትም ቢሆን ግድግዳ በክፍል በክፍል ተሥሎ የቅዱሳንን ገድል ለማያነብ ምእመን ሲያስነብብ ቆይቷል።

ይህ የአሣሣል ጥበብ የራሱ ሰዋስው አለው። ከሁሉ የታወቀው የዐይን ሕግ ነው። ጻድቅ፣ ደግ፣ የተባረከ ሰው ሁለት ዐይኑ እንዲታይ ተደርጎ ይሣላል፤ ክፉ፣ ከሓዲ፣ ጠላት በጎን ፊቱ፣ በአንድ ዐይን ይሣላል። ተመልካቹ ጽሑፉን ሳያነብ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ ያውቃል። ለአኒሜሽን ተማሪ ይህ ሕግ ከባድ ፈተና ያመጣል። በሥዕል ላይ ሰው ለዘላለም ወደ እኛ ይመለከታል፤ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ሰው ዘወር ይላል። ማክዳ ራሷን ወደ ጎን ባዞረች ቅጽበት ለጥቂት ፍሬሞች አንድ ዐይኗ ብቻ ይታያል። በባህላዊው ሰዋስው መሠረት በዚያች ቅጽበት ምን ሆነች? ብዙ ተማሪዎች ይህን ሳያስቡ የጃፓንን ፊት ወስደው የሐበሻ ቀሚስ ያለብሱታል። እኔ ግን ችግሩ ራሱ ታላቅ ዕድል ይመስለኛል። ሰሎሞን ደግና ጠቢብ ንጉሥ ነው፤ በዚያች ሌሊት ግን ያደረገው ተንኮል ነው። አንድ ጥሩ ሠዓሊ በፊልሙ ሁሉ ሁለት ዐይን የሰጠውን ሰሎሞንን በአንዲት ፍሬም ብቻ ወደ ጎን ቢያዞረው ያለ አንዲት ቃል ፍርድ ሰጠ ማለት ነው።

ስለ ማሳጠር ስንናገር ከሁሉ ያጠረውን የዚህ ተረክ ቅጂ ሳልጠቅስ አላልፍም። እርሱም ሥዕል ወይም ፊልም ሳይሆን ሕግ ነው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን የዘር ሐረግ ከንግሥተ ሳባና ከሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር አያያዘው፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለውም ይህንኑ ጠበቀ። 117 ምዕራፍ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ገባ። አንቀጹ ከተረኩ የወሰደው ውጤቱን ነው፤ ልጁን። ግመሎቹ፣ መንገዱ፣ ጥሙ፣ መሐላው ቀሩ። ከዚህ አዳራሽ በላይ በእንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዳግማዊ ምኒልክም የነገሡበት ስም የዚያ ልጅ ስም ነው። እንግዲህ ይህ ተረክ በዚህ ተራራ ላይ ጌጥ አልነበረም፤ መንበር የሚያጸና ቃል ነበር። ይህን የምናገረው ዘመኑን ለማወደስ ወይም ለመክሰስ አይደለም። የማሳጠርን ኃይል ለማሳየት ነው። አሳጣሪው የሚያስቀረው ነገር ለምን ዓላማ እንዳሳጠረ ይናገራል። ተማሪዬ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ዘንዶውን፣ ግመሉን፣ ልጁንና ታቦቱን አጭቆ ሲያቀርብ፣ ሳያውቀው ያንኑ አንቀጽ በቀለም እየጻፈ ነው፤ የሚያስበው ስለ ውጤቱ ብቻ ነውና።

ታዲያ ምን እንምረጥ? የእኔ መልስ ውኃን ነው።

ክብረ ነገሥትን በጥሞና ላነበበ ሰው የጉዞው መነሻ ክብደት አለው። ንግሥቲቱ 797 ግመሎች አስጭና፣ ቁጥር የሌለው በቅሎና አህያ አስከትላ ትነሣለች። ይህ ሁሉ ጭነት የሚጓዘው ውኃ በሌለበት ምድር ነው። ከዚያ በኢየሩሳሌም ቤተ መንግሥት ሰሎሞን ግብር ያገባል። ለእርሷ የሚቀርበው ሆን ተብሎ የተዘጋጀ የሚያስጠማ ምግብ ነው፤ በርበሬ የበዛበት፣ ዓሣና ሆምጣጤ ያለበት። ሌሊት በአንድ አዳራሽ ያድራሉ። እርሱ በግድ ላይነካት ይምላል፤ እርሷም ከቤቱ ምንም ነገር በግድ ላትወስድ ትምላለች። በእኩለ ሌሊት ጥም ያነቃታል፤ በአዳራሹ መካከል የተቀመጠውን ውኃ ልትጠጣ ስትል ተኝቷል ያለችው ንጉሥ እጇን ይይዛል። መሐላውን አፈረስሽ ይላታል። ውኃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነውን ስትለው፣ ከሰማይ በታች ከውኃ የሚበልጥ ነገር አለን የሚል ክርክር ያቀርብላታል። እርሷም ውኃውን እንድትጠጣ እርሱን ከመሐላው ትፈታዋለች።

እስቲ ይህን ከበረሃው ጋር አንድ ላይ እናንብበው። ሺህ ምዕራፍ መንገድ ተጉዛ፣ በረሃውን አሸንፋ የመጣች ሴት፣ በረሃው ያላሸነፋትን በጥም የተሸነፈችው በምንጭና በጉድጓድ በበለጸገ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የበረሃው ጥም የተፈጥሮ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ ጥም በሰው እጅ ተቀምሞ የቀረበ ነው። በረሃውን ያላሳየን ፊልም ይህን ልዩነት ሊያሳየን አይችልም። ብዙዎቹ የተማሪ ሐሳቦች ግን በመጀመሪያ የሚቆርጡት በረሃውን ነው፤ «ምንም አይፈጸምበትም» ብለው። ሦስት ሴኮንድ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ሦስት ሴኮንድ የግመል ጥላ በአሸዋ ላይ፣ ከዚያ ከተማ። እንዲህ ያለ ፊልም ሌሊቱ ላይ ሲደርስ አንዲት ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይተርፈዋል፤ ውኃው ግን ዋጋ የለውም።

የ«ባሳራ»ን ምሰሶ አስታውሱ። ዩሚ ታሙራ የመተዋወቁን ቅጽበት በርቀት አከበረችው። የእኛም ተረክ ውኃውን በበረሃ አክብሮታል። በረሃ በእንዲህ ያሉ ሥራዎች ውስጥ የታሪኩ ባዶ ቦታ ሆኖ አያገለግልም፤ በኋላ የሚመጣው ነገር ክብደቱን የሚቀበልበት ቦታ ነው።

በመቁረጥ የሚጠፋ ሌላም ሰው አለ፤ አገልጋይዋ። በሕዝቡ ትውፊትና በብዙዎቹ ሥዕሎች ንግሥቲቱ ብቻዋን አልተጠማችም። አብራት የመጣችው ደንገጡርም ከዚያው ማዕድ በልታ ተጠምታለች፤ ወደ ውኃውም ትሄዳለች፤ በንጉሡም ትያዛለች፤ እርሷም ትፀንሳለች። ሠዓሊዎቹ ለዚህች ሴት ከ44ቱ ውስጥ ቦታ ሰጥተዋታል። ሕገ መንግሥቱ ቦታ አልሰጣትም፤ ሊሰጣትም አይችልም ነበር። ፊልሞቻችንስ? እስከ አሁን ከቀረቡልኝ ሐሳቦች መካከል ይህችን ሴት ያስታወሰ አላጋጠመኝም። ስም የላትም፤ ጭነቱን ተሸክማ መጥታለች፤ ያንኑ በረሃ አቋርጣለች፤ ያንኑ ጥም ተጠምታለች፤ ነገር ግን እርሷን መሐላ አልጠበቃትም፤ የማለላት የለምና። ተረኩን ከእርሷ ዐይን የሚያይ ስምንት ደቂቃ ምን ያህል ከባድ ፊልም እንደሚሆን አስቡት። እዚህ ላይ ማሳጠር የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። ጊዜ ሲያጥር በቅድሚያ የሚወጣው ማን ነው?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «መምህር፣ ስምንት ደቂቃ ስምንት ደቂቃ ነው፤ በረሃውን ልናሳይበት ከየት እናምጣ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። መልሱ በራሱ በክብረ ነገሥት ውስጥ አለ። ልጁ ምኒልክና ጓደኞቹ ታቦቱን ይዘው ከኢየሩሳሌም ሲመለሱ ሠረገሎቻቸው በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል መሪነት ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላሉ፤ የ13 ቀን መንገድ በአንድ ቀን ይሄዳሉ። እነሆ ተረኩ ራሱ በረሃን ያሳጥራል። ነገር ግን ለሁሉም አያሳጥርም። እናት ስትሄድ በግመልና በእግር ጭነቷን ይዛ ትሄዳለች፤ ልጅ ሲመለስ በነፋስ ይመለሳል። የመጀመሪያው መንገድ ረጅም ስለ ሆነ ሁለተኛው ተአምር ሆነ። የመጀመሪያውን ያሳጠረ ሰው ሁለተኛውን ተአምር አልባ አደረገው። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ፍጥነት ትርጉም የሚኖረው ዝግታ ከቀደመው ብቻ ነው። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ደቂቃ ዝግታ ቢሆኑ ከስምንቱ ምንም አልጠፋም።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ አኒሜሽን የትዕግሥትና የቁጥር ሥራ ነውና። ስምንት ደቂቃ 480 ሴኮንድ ነው። 44ቱን ሥዕሎች በእኩል እናዳርስ ብንል ለእያንዳንዱ 11 ሴኮንድ አይሞላም። በሴኮንድ 24 ፍሬም ቢታሰብ ሥራው 11,520 ፍሬሞች አሉት። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናቆየው 5,760 ሥዕሎች፣ ለሦስት ፍሬም ብናቆየው 3,840 ሥዕሎች ይፈልጋል። የጃፓን ቴሌቪዥን አኒሜ እ.ኤ.አ. በ1963 በኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» ሲጀመር በየሳምንቱ አንድ ክፍል ለማድረስ የተመረጠው መንገድ እንዲህ ያለው ቁጠባ ነበር፤ ሥዕሉን ማቆየት፣ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ብቻ ማንቀሳቀስ፣ ካሜራውን በቆመ ሥዕል ላይ ማስኬድ። ድህነት የወለደው ዘዴ በኋላ ውበት ሆነ። እኛም በሴኮንድ 24 ሥዕል ለመሣል አቅም የለንም ብለን ከማዘን ይልቅ ይህን ዘዴ ከሰንጠረዡ ሥዕላችን ጋር ማጋባት እንችላለን። የቆመ ሥዕል፣ በላዩ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ዐይን፣ የግመል ቃጭል ድምፅ። በረሃ በዚህ መንገድ ርካሽም ነው፤ እውነተኛም ነው።

አጭር ሆኖ ሙሉ ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ የራሳችን ምሳሌም አለን። በአዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ የሚሠራው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተሰኘ ስምንት ደቂቃ ገደማ የሚሆን አኒሜሽን ሠርቷል። የተነሣው ሁላችንም ከምናውቀው የከተማ ተረት ነው። አህያ፣ ውሻና ፍየል በታክሲ ተሳፈሩ። አህያ ሒሳቧን ከፈለች፤ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ቀረ፤ ፍየል ሳትከፍል ሮጠች። ስለዚህ እስከ ዛሬ መኪና ሲመጣ አህያ መንገዱ መሐል ተረጋግታ ትቆማለች፣ ውሻ መልሱን ፍለጋ መኪናውን ያባርራል፣ ፍየል ትሸሻለች። ዕዝራ አንድ ሸራ ላይ እየሣለ፣ ፎቶግራፍ እያነሣ፣ በዚያው ላይ ደግሞ ደርቦ እየሣለ ነው የሠራው። ሥዕሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተቀብረው በሸራው ላይ የሚተርፈው የመጨረሻው ብቻ ነው።

ከዚህ ሥራ የምንማረው ነገር ተረቱ በአንድ ነገር ላይ መቆሙን ነው፤ በዕዳ። የከፈለ፣ መልስ የቀረበት፣ ያልከፈለ። ከተማው ሁሉ፣ ጫጫታው፣ ረዳቱ፣ መንገዱ በዚያች አንዲት ነገር ዙሪያ ይሽከረከራል። ሦስተኛው መንገድ ያልሁት ይህ ነው። ረጅሙን ተረክ ከዳር እስከ ዳር አለመሮጥ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ መሐል ላይ አለመቆም፤ ይልቁንም ሙሉውን ተረክ የተሸከመችውን አንዲት ነገር ፈልጎ እርሷን እስከ መጨረሻ መከተል። በ«ሒሳብ» ዕዳ ነው። በ«ባሳራ» የተሰወረ ማንነት ነው። በማክዳ ታሪክ ጥም ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረኝ የእጅ ሥራ ምክር ነው። በረሃ ስትሥሉ ከውጭ ፊልም ያያችሁትን የአሸዋ ክምር አትገልብጡ። በአገራችን በረሃ አለ። በአፋር የደናክል ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ የጨው ሜዳ ነው፤ ነጭ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ብርሃኑ ከታች የሚመጣ። የጨው ነጋዴዎች በግመልና በአህያ አሞሌ ጭነው ወደ ደጋ ሲወጡበት የኖሩት መንገድ የታምሪንን ነጋድያን ለመሣል ከማንኛውም ፊልም የተሻለ መምህር ነው። በዚያ ላይ ጨው ራሱ ጥም ነው። ከጨው ሜዳ ተነሥቶ በርበሬና ሆምጣጤ ወዳለበት ማዕድ የሚሄድ ፊልም አንዲት ቃል ሳይናገር ነገሩን አያይዞታል።

እስከ ደናክል መሄድ የማይችል ደግሞ ከዚህ ግቢ ወጥቶ ወደ እንጦጦ ይውጣ። በማለዳ ተራራውን ይዘው የሚወርዱትን አህዮች፣ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያስተውል። ጭነት የሰውን አካሄድ እንዴት እንደሚለውጥ፣ ገመዱ ትከሻ ላይ የት እንደሚያርፍ፣ የደከመች ሴት ስትቆም ጭነቷን ሳታወርድ በምን ላይ እንደምትደገፍ ይሣል። ደንገጡሯን የሚያገኛት እዚያ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፦ አህያን አስተውላችሁ ሥላችሁ ግመል ብላችሁ አትጥሩት። አህያ ስትራመድ አራቱን እግሮቿን በየተራ ታነሣለች፤ ግመል ግን በአንድ ጎን ያሉትን ሁለት እግሮቹን አብሮ ያስኬዳል ማለት ይቻላል። በበረሃ መርከብ ላይ የተቀመጠ ሰው ግራ ቀኝ የሚወዛወዘው ስለዚህ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤ ንግግሬን በአንድ ሐሳብ ልፈጽም። ይህ ተረክ ከ13 ቁጥር ወደ 117 ምዕራፍ አደገ፤ ከ117 ምዕራፍ ወደ 44 ሥዕል ወረደ፤ ከዚያም በአንድ አንቀጽ ተጨመቀ። እያንዳንዱ ዘመን ሲያስረዝምም ሲያሳጥርም የራሱን ፍላጎት ጽፎበታል። ቀጣዩ ቅጂ በእናንተ እጅ ያለው ስምንት ደቂቃ ነው። ልጁን ብቻ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ አንቀጹን ትደግሙታላችሁ። ውኃውን ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ግን በረሃው ራሱ ይከተላችኋል፤ በበረሃውም ውስጥ ንግሥቲቱ ትመጣለች፤ ከንግሥቲቱ ኋላ ደግሞ እስከ ዛሬ ስም ያልሰጠናት ሴት፣ የውኃውን እንስራ በዐይኗ እየፈለገች።